ወንዝ ዳር ግስ መልቀም

ሰሞኑን ግጥም የምጽፍበትን መንገድ ቀየር አድርጌዋለሁ። ውጤቱ ደስ ስላለኝ፣ እንደኔ ወንዝና ተራራ ሲያዩ መግጠም ለሚያምራችሁ ላካፍል።

አሁን ወንዝ ዳር ስቀመጥ ስንኝ አልቋጥርም። ማስታወሻ ብቻ ነው የምይዘው፤ እሱም ግስ በግስ ነው። ውሃው ምን አደረገ? ድንጋዩን ዞረው፣ አረፋ ደፈቀ፣ ቅጠሏን ጎትቶ ጎትቶ ተዋት። «ግርማ ሞገስ»፣ «ልዩ ውበት» የሚሉት ደብተሬ ውስጥ አይገቡም። እነሱን ለመጻፍማ ወንዝ ድረስ ምን አስኬደኝ? ሶፋ ላይ ተጋድሞም ይጻፋሉ።

ከዚያ ዓይኔን ጨፍኜ አዳምጣለሁ። ወንዙ ጥልቅ በሆነበት ዝም ይላል፣ ድንጋይ በበዛበት ይንጫጫል። ውሃው ድንጋይ ላይ ሲሰበር አየር ይዞ ይገባል፤ የምንሰማው በአብዛኛው የእነዚያን ትንንሽ አረፋዎች ድምፅ ነው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ለምቱ የበለጠ እጠነቀቃለሁ። ዝም ላለው ውሃ የወል ቤት የሚባለው የግጥም ምት፣ ማለትም ስድስት ስድስት ቀለም (የቃል ድምፅ ክፍል) እያለ የሚሄደው፣ ይስማማዋል። ለሚንጫጫው አጠር አጠር ያለ ሐረግ እመርጣለሁ። ሕግ አይደለም፣ የጆሮ ጉዳይ ነው።

ከቅጠሏ ማስታወሻ ቆይቶ ይህ ወጣ፦

ጎትቶ ጎትቶ ወንዙ እንደተዋት፣
ድንጋይ ብቻ ቀረ ቅጠሏን ያቀፋት።

ስለ ሰው አንድም ቃል የለበትም። ያነበበው ጓደኛዬ ግን «ማን ጥሏት ሄደ?» ብሎ ጠየቀኝ። በእኔ ሚዛን የቦታ ግጥም ሠራ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው። «ወንዙ እንደ ከዳተኛ ፍቅረኛ» ብዬ ብጽፈው ኖሮ የሚጠይቀኝ አይኖርም ነበር።

«ቆይቶ» ያልኩት በምክንያት ነው። እንግሊዛዊው ገጣሚ ዊሊያም ዎርድስዎርዝ ኤፕሪል 15 ቀን 1802 እ.ኤ.አ. ከእህቱ ከዶሮቲ ጋር አልስዋተር የተባለ ሐይቅ ዳር ሲሄድ፣ ዳፎዲል የሚባሉ አበቦች በነፋስ ሲወዛወዙ አየ። ስለ አበቦቹ የጻፈው የታወቀ ግጥሙ ታትሞ የወጣው ግን በ1807 ነው። በመሃል የዶሮቲ ማስታወሻ ነበር። አንዳንዶቹ አበቦች ደክሟቸው ራሳቸውን ድንጋይ ላይ እንዳሳረፉ፣ ሌሎቹ እየተወዛወዙ እንደጨፈሩ ጽፋለች። ግጥሙ ውስጥ ጭፈራው አለ፣ ድንጋዩ የለም። ዶሮቲም የለችም፤ ተናጋሪው ብቻውን ነው የሚሄደው። እንደ ወንድም ያስቀይማል። እንደ ገጣሚ ግን ይገባኛል፤ ብቸኝነቱ ከሌለ የአበቦቹ ብዛት ያን ያህል አይገርምም።

ስለዚህ ከቦታው ያመጣሁትን ሁሉ ግጥሙ ውስጥ አልከትም። ማስታወሻውን ዘግቼ አቆየዋለሁ። ስመለስበት ሳላነበው ትዝ የሚለኝ ነገር ካለ፣ ከእሱ እጀምራለሁ። የተረሳው ይቅር።

አሁን የያዝኩት ተራራ ነው፣ እሱም እያስቸገረኝ ነው። ወንዝ ራሱ ግስ ያቀብላል፤ ተራራ ግን ቁጭ ብሏል፣ ምን ይባላል? ለጊዜው የደመናውን ጥላ እየተከተልኩ ነው። ገደሉ ላይ ሲደርስ ይሰበራል፣ ሜዳው ላይ ይፈጥናል፣ ጫካው ውስጥ ይጠፋል። ሦስት ግስ ተገኘ ማለት ነው። ስለ ተራራ የጻፋችሁ ካላችሁ ከምን እንደጀመራችሁ ንገሩኝ።