ጅሬንን በእግር ወጥቼ ጅማን ከላይ ሳያት

ጅማ መጥቶ ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው የንጉስ አባ ጅፋር ቤተ መንግስት ሳይሄድ የሚመለስ እንግዳ ጥቂት ነው፣ ግን አብዛኛው ሰው በባጃጅ በሩ ድረስ ሄዶ ፎቶ ተነስቶ በዛው ባጃጅ ይወርዳል። እኔ የምለው ቢያንስ የመጨረሻውን ዳገት በእግራችሁ ውጡት ነው፣ ምክንያቱም የጅሬን ጥሩ ነገሩ መንገዱ ላይ ነው ያለው፣ ግቢው ውስጥ ከገባችሁ በኋላማ ከተማውን አጥርና ዛፍ ይከልልባችኋል።

ከመሃል ከተማ ወደ 7 ኪሎሜትር ነው። ሙሉውን በእግሬ ካላልኩ የሚል ካለ መብቱ ነው፣ ግን የታችኛው ክፍል መኪና፣ አቧራ፣ ጡሩምባ ነው፣ ምንም አያስጎመጅም። እኔ ዳገቱ ስር ድረስ በባጃጅ ሄጄ ወረድኩ፣ ልጁ "ገና ነው እኮ ብሮ፣ ለምን ትወርዳለህ?" አለኝ፣ ሂሳቡን ግን አልቀነሰም 😄 ኮንትራት ይሁን ሰው እየጫነ፣ እስከየት ይሁን፣ ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ።

ሰዓት ላይ ደግሞ ሁሉም ሰው የሚመክረው "ማለዳ 12 ሰዓት ውጣ" ነው፣ ሌላ ቦታ ይሰራ ይሆናል ጅማ ላይ ግን ብዙ ጊዜ አይሰራም፣ በተለይ ዝናቡ ሲወጣ ጥቅምት ህዳር አካባቢ ጠዋት ጉሙ ሜዳው ላይ ስለሚተኛ ከላይ ሆናችሁ የምታዩት ነጭ ነገር ብቻ ነው (እሱም ያምራል አይካድም፣ ግን ለከተማ ብሎ ለወጣ ሰው ምን ያደርጋል)። 3 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ስትበረታ ነው የሚገፈው። ክረምት ከሆነ ደግሞ ከሰዓት ዝናቡ ስለማይታመን ከ3 እስከ 6 ባለው ጨርሱ። በጋው ሲገፋ አቧራና ጭስ ሩቁን ያደበዝዘዋል። ለኔ ህዳርን የሚያክል የለም፣ ሰማዩ ታጥቧል ቡናውም ቀልቷል።

ቡናው ስል፣ ዳገቱን ስትወጡ ግራና ቀኝ ጓሮው ሁሉ ከዛፍ ጥላ ስር ቡና ነው። አንድ ደጃፍ ላይ ጀንፈል (ከነገለባው የሚደርቅ ቡና) ሰሌን ላይ ተሰጥቶ አንድ ሽማግሌ በባዶ እግራቸው መሃሉ ገብተው እግራቸውን እየጎተቱ ያገላብጡታል፣ ገና ቀይ ያለው በአንድ በኩል፣ ጠቁሮ ሲረግጡት የሚንኮሻኮሸው በሌላ በኩል፣ ሽታው ደግሞ ፍራፍሬ ሊኮመጥጥ ሲል የሚሸተው አይነት። "አካም ቡልታን አባቴ" አልኳቸው፣ ኦሮምኛዬ እዛው ላይ ሲያልቅ አይተው በአማርኛ ቀጠሉልኝ። "ልጄ፣ አገር ለማየት ከሆነ በሩ ጋ አትቁም፣ አጥሩን ይዘህ ወደ ጎን ዙር፣ ዛፉ እዛ ጋ ይሳሳል" አሉኝ። ይሄ ከየትኛውም ማፕ በላይ ሰራልኝ።

እንዳሉት ዞርኩ። ቆርቆሮ ጣሪያው በሙሉ አንድ ላይ ያብረቀርቃል፣ መሃል መሃሉን የመስጊድ ሚናራ ብቅ ብቅ ይላል፣ ከዛ ወዲያ ኮረብታው እየደራረበ እስከ ዓይን ጥግ ይሄዳል። ዳግማዊ አባ ጅፋር (በፈረንጅ ከ1878 እስከ 1932 የገዙት) ለምን እዚህ እንደተቀመጡ እዛ ቆሞ ላየ ሰው ማስረዳት አያስፈልገውም፣ የሂርማታ ገበያ እኮ ከታች ነው፣ ቡናው፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ያ ሁሉ ሲራራ ነጋዴ እዛ ነበር የሚራገፈው (ባሪያም ይሸጥ ነበር፣ እሱን ዘሎ ዘመኑን ብቻ ማሞገስ ደስ አይለኝም)። ንጉሱ ከምኒልክ ጋር ከመዋጋት ግብር እየከፈሉ የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው መቆየትን መረጡ፣ ያንን ገበያ ከላይ ሆኜ ሳየው ስሌቱ ገባኝ፣ ጦርነት የሚያጠፋባቸው ብዙ ነገር ነበር። አሁን የምናየውን ከተማ ደግሞ በብዛት የዘረጉት ጣሊያኖች ናቸው፣ በ1930ዎቹ፣ እሱም በፈረንጅ።

ቤተ መንግስቱ የእንጨት ስራው፣ በተለይ በረንዳው፣ ቆም ብሎ የሚታይ ነው። ግን እኔ ስሄድ የንጉሱ ዕቃዎች ከተማ ያለው ሙዚየም ውስጥ ነበሩ፣ ዙፋን ምናምን አያለሁ ብሎ የወጣ ሰው ባዶ ቤት ነበር የሚጠብቀው፣ ስለዚህ ሙዚየሙን ቀድማችሁ እዩና ውጡ። አጠገቡ መስጊድ ስላለ አለባበሳችሁን አስተካክሉ፣ አርብ በሶላት ሰዓት ደግሞ ፎቶውን ተዉት።

ከመውጣቱ መውረዱ ነው የሚከብደው። ቀይ አፈሩ ማታ ከዘነበበት ሳሙና ነው፣ ስኒከር ጫማ ከሆነ ሶሉ ያላለቀ ይሁን፣ ጠርዙ ላይ ሳር ሳሩን እየረገጣችሁ ውረዱ፣ ውሃም ከታች ያዙ። ሐሙስ ገበያ ቀን ስለሆነ ደግሞ ባጃጁ ሁሉ ወደ ሂርማታ ነው የሚሮጠው፣ ያን ቀን ከሄዳችሁ የመመለሻውን ከልጁ ጋር ቀድማችሁ ተስማሙና ስልኩን ያዙ።