ጀበናው ሳይሰክን፦ የዘጠኝ ወር የላብራቶሪ ማስታወሻ

ብሬኩን አጥፍቻለሁ ብዬ ነበር። አላጠፋሁም።

በሦስተኛው ወር ላይ ነው። ደም አሽከርክሮ የሚለየውን ማሽን፣ የሴንትሪፊዩጁን፣ ክዳን ከፍቼ ቱቦዎቹን ሳነሳ የነጭ ደም ሴሎቹ ነጭ ቀለበት የለም። ሮዝ ሾርባ ብቻ። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የላብራቶሪው አንጋፋ ከኋላዬ መጥተው አዩና «ልጄ፣ ጀበናው ሳይሰክን ቀዳሽው» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም።

የምማረው ሰውነታችን ቫይረስን እንዴት እንደሚከላከል ነው። የሚገርመው ግን ጊዜዬን የበላው መጽሐፉ አይደለም፣ ይኼ ቀለበት ነው። ደሙን በባፈር፣ ሴሎቹን በማይጎዳ ጨዋማ ፈሳሽ፣ እኩል ለእኩል አቀጥነዋለሁ። ከዚያ ፊኮል በሚባል ፈሳሽ ላይ፣ ቱቦውን አዘንብዬ፣ ቀስ አድርጌ እደርበዋለሁ። ፊኮል በሚሊ ሊትር 1.077 ግራም ይመዝናል። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ቁጥር ላይ ነው። በ400 ጂ (የመሬት ስበት 400 እጥፍ) ለ30 ደቂቃ ሲሽከረከር ቀይ የደም ሴሎች ይከብዳሉና አልፈውት ታች ይዘቅጣሉ። ሊምፎሳይትና ሞኖሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ይቀልላሉና ከላዩ ይቀራሉ። ጉም የመሰለ ስስ ቀለበት ይሠራሉ። ማሽኑ ብሬክ ይዞ ከቆመ ሁሉም ይደፈርሳል። ስለዚህ በራሱ ጊዜ እስኪቆም መጠበቅ ነው። ፊኮሉን ከፍሪጅ አውጥታችሁ ወዲያው አትጠቀሙ፣ ቀዩ ከነጩ ጋር ይቀራል። ይህንንም የተማርኩት አበላሽቼ ነው፣ በክረምት ጠዋት።

ንባቡን የማካሂደው መንገድ ላይ ነው። ከሜክሲኮ በሰንጋተራ አድርጌ ወደ ጥቁር አንበሳ በእግሬ ስወጣ የትናንቱን በቃሌ እከልሳለሁ። የሁለቱ ተመራማሪዎች፣ የዶሄርቲና የዚንከርናጌል፣ ሥራ የገባኝም እዚያው ነው። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1974 አውስትራሊያ፣ ካንቤራ ውስጥ በአይጥ ላይ ያገኙት ነገር በ1996 ኖቤል አሸልሟቸዋል። (ዶሄርቲ የእንስሳት ሐኪም ነው። ከእንስሳት ሕክምና ለመጣችሁ ጓደኞቼ ደስ ይበላችሁ።) ገዳዩ ቲ ሴል፣ በቫይረስ የተያዙ ሴሎችን የሚገድለው ነጭ የደም ሴል፣ ቫይረሱን ለብቻው አያይም። የቫይረሱ ቁራጭ የራሱ ሰውነት ሴሎች በላያቸው በሚይዙት «መታወቂያ» ፕሮቲን ላይ ተለጥፎ ሲያይ ነው የሚነሳው። የሌላ ዝርያ አይጥ ሴል በዚያው ቫይረስ ቢያዝም ዝም ብሎ ያልፈዋል። እኔ የያዝኩት በቀበሌ መታወቂያ ነው፦ ዘበኛው ሌባውን የሚለየው የሰፈሩ መታወቂያ ላይ የማይመስል ፎቶ ሲያይ ነው። ምሳሌው ትንሽ ያነክሳል፣ ግን ለፈተና በቅቶኛል።

ከሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ የሲዲ4 ነገር ነው፣ ሌሎቹን የመከላከያ ሴሎች የሚያግዙት ቲ ሴሎች ቁጥር። መጽሐፉ ጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ500 እስከ 1500 አለው ይላል። እኔም እንደ ጸሎት ይዤው ነበር። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተሙ፣ የኢትዮጵያና የሆላንድ ተመራማሪዎች የሠሯቸው ጥናቶች እጄ ገቡ። ኤች አይ ቪ የሌለባቸው ጤነኛ ኢትዮጵያውያን በአማካይ 775 ሲኖራቸው ሆላንዶቹ 993 ነበራቸው። የኛዎቹ ቲ ሴሎች ደግሞ ከሆላንዶቹ ይልቅ የነቁ ናቸው፣ ገና ጠላት ያላዩት «ጀማሪ» ሴሎች ያንሳሉ። አንዱ የቀረበው ማብራሪያ የአንጀት ትላትልን ጨምሮ ሰውነትን ዘወትር የሚነካኩ ኢንፌክሽኖች ናቸው። ያን ቀን ነው ይህን ሙያ የምር የወደድኩት። ሰው የራሱን አገር ደም ካልቆጠረ የሌላውን ሰው ልክ ለብሶ ነው የሚዞረው። ያን ጊዜ የኤች አይ ቪ ሕክምና የሚጀመረው በሲዲ4 ቁጥር እንደነበር ስታስቡት ደግሞ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

አሁን የት ነኝ? ቀለበቱ እሺ ብሎኛል። ትራይፓን ብሉ በሚባል ቀለም ስቆጥር የሞቱት ሰማያዊ ይሆናሉ፣ ከመቶ ዘጠና በላይ ሕያው አገኛለሁ። መብራት ሲጠፋም እጄ አይንቀጠቀጥም፣ እንደገና እጀምራለሁ።

ያልሆነልኝ ማቅለጥ ነው። ሴሎቹን በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ አስቀምጠናቸው ስናወጣቸው ግማሽ ያህሉ ይሞቱብኛል። ቱቦውን በ37 ዲግሪ ውሃ ቶሎ አቀልጠዋለሁ፣ እሱ ላይ ችግር የለም። ጋሼ ግን ቀጥሎ የምጨምረውን ፈሳሽ እንደምቸኩልበት አይተዋል። በብርድ ጊዜ የጠበቃቸው ዲሜቲል ሰልፎክሳይድ ሲሞቅ መርዛቸው ነውና ቶሎ ላጥባቸው ብዬ አንዴ እገለብጥባቸዋለሁ። ሐሙስ ሁለት ቱቦ ይሰጡኛል። የሞቀ ፈሳሽ፣ በጠብታ፣ ቱቦውን እያወዛወዝኩ።