ሰዓቱን ነው ፎርሙን?

ነገሩ ካለፈ 3 ዓመት ሆኖታል። የሴሚስተር መጨረሻ ደርሶ ፎርም ጠረጴዛዬ ላይ ሲከመር ግን አሁንም ያ ልጅ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

የማስተምረው ካራ አካባቢ ባለ አንድ የክርስቲያን ኮሌጅ ነው። ከመገናኛ ታክሲ ይዘህ ኮተቤን ካለፍክ በኋላ፣ ከተማው እያለቀ ባህር ዛፉ ሲጀምር ማለት ነው። ኮርሴ የሞራልና ዜግነት ትምህርት ይባላል። አንደኛ ዓመት የገባ ሁሉ ይወስደዋል። ኮሌጁ በዚያ ላይ የራሱን ጨምሮበታል፤ «የባሕርይ ግንባታ» እንለዋለን። ጠዋት ሕገ መንግሥቱን ከፍተን አንቀጽ 11ን፣ የመንግሥትና የሃይማኖትን መለያየት፣ እናስተምራለን። ረፋድ ላይ ደግሞ ሁላችንም ተሰብስበን ጸሎት እንገባለን። ሁለቱ አይጋጩብኝም። ሁለቱም ሰው የማይታይበት ቦታ ላይ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ይጠይቃሉ።

ከዚህ በፊት ሁለተኛ ደረጃ ሥነ ዜጋ ሳስተምር ነበር። በዚያ መጽሐፍ ያለፈ ተማሪ 11ዱን እሴቶች ከእንቅልፉ ብትቀሰቅሰው ይደረድርልሃል። የዴሞክራሲ ሥርዓት ግንባታ፣ የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ እያለ ሄዶ ዕውቀትን መሻት ላይ ያሳርፍልሃል። 10ኛው ንቁ ማኅበራዊ ተሳትፎ ነው። እሱንም ይሸመድደዋል። ለፈተና።

ይህ ነገር ሁሌም ያንገበግበኝ ነበር። በንጉሡ ዘመን ግብረ ገብ ነበር። ደርግ እሱን አንሥቶ የፖለቲካ ትምህርት አስገባ። ከዚያ ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር መጣ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ ግብረ ገብ ወደ ታችኞቹ ክፍሎች ተመልሷል። ስሙ ተቀያየረ እንጂ ጥያቄው ያው ነው። ጥሩ ሰው መሆንን በምን ትፈትነዋለህ? «እውነት ወይም ሐሰት በል» ብለህ?

ስለዚህ ኮሌጁ «ተማሪዎቹ ከግቢ ወጥተው ሰፈሩን ያገልግሉ» ሲል ከማንም በላይ የተደሰትኩት እኔ ነኝ። ኮሚቴው ውስጥም ገባሁ። በሴሚስተር 40 ሰዓት የሚለውን ቁጥር ያመጣሁት እኔ ነኝ። ፎርሙንም ያረቀቅሁት እኔው ነኝ። ቀን፣ የገባበት ሰዓት፣ የወጣበት ሰዓት፣ የተሠራ ሥራ፣ ፊርማ። ከታች ማህተም። 40 ያልሞላ ውጤቱ «ኢንኮምፕሊት» ይሆናል። የመጽሐፍ ቅዱስ መምህራኑ «ባሕርይ በፎርም አይለካም» ብለው ተከራክረው ነበር። ሬጅስትራር ደግሞ ያለ ፎርም ውጤት አላስገባም አለ። እኔ ከሬጅስትራር ጎን ቆምኩ።

የዚያን ሴሚስተር ፎርም የሰበሰብኩት የካቲት መግቢያ ላይ ነው። የአብዛኞቹ ተማሪዎች ፎርም መንትያ ነበር። 10 መስመር፣ በእያንዳንዱ ላይ «ከ3፡00 እስከ 7፡00»፣ ድምር 40። «የተሠራ ሥራ» የሚለው ላይ «ጽዳት» ወይም «አረጋውያንን መርዳት»። ቀለሙ አንድ፣ የእጅ ጽሑፉም አንድ ሊሆን ምንም አልቀረው።

9ኙ ፎርሞች ላይ ጥር 11 ቀን አለ። ከ3፡00 እስከ 7፡00፣ ወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ የፋይል ማደራጀት ሥራ። ጥር 11 ጥምቀት ነው። ወረዳው ዝግ ነው። መንገዱ ሁሉ ታቦት በሚያጅብ ሰው ተሞልቶ ነው የሚውለው። ማህተሙ ግን አለ፤ ክብ፣ ወይን ጠጅ፣ ጥርት ያለ።

አየሁት። አይቼም ገጹን ገልጬ አለፍኩ። ውጤት የማስገቢያው ቀን ነገ ነበር።

ከዚያ የሱ ፎርም መጣ። ልጁ ከሆሳዕና በኩል የመጣ፣ ክፍል ውስጥ ድምፁ የማይሰማ ተማሪ ነው። ክፍያውን የምትሸፍንለት የላከችው ቤተ ክርስቲያን ናት። ፎርሙ የጭቃ ጣት አሻራ አለበት። ሰዓቶቹ የተዘበራረቁ ናቸው። «ከ3፡20 እስከ 5፡05»። «ከ8፡10 እስከ 10፡40»። አንድ መስመር ላይ የገባበትና የወጣበት ባዶ ሆኖ «ጭቃው ገና ነው፤ አልተሠራም» ይላል። ድምሩ 27 ሰዓት ከ20 ደቂቃ።

አስጠራሁት። ቆሞ ነበር ያናገረኝ፤ ተቀመጥ ማለቱንም ረሳሁት።

«ስንት ነው የጎደለህ?»

«12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው፣ መምህር።»

«ሕጉን ታውቃለህ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልሞላህም?»

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ እንዳልገባው ሰው ጠየቀኝ።

«ሰዓቱን ነው ፎርሙን?»

እያሾፈ አልነበረም። ልጁን አውቀዋለሁ። የምር ግራ ገብቶት ነው የጠየቀኝ። ፎርሙንማ ሞልቶታል። ሰዓቱ ነው ያልሞላው። ጓደኞቹ ደግሞ ሰዓቱ ሳይሞላ ፎርሙን እንደሞሉት ያውቃል፤ አብረው ነው የሚያድሩት። እኔም እንደማውቅ ሳያውቅ አልቀረም። «የትኛውን ነው የምትፈልገው?» ነው ያለኝ በአጭሩ።

ደሜ ፈላ። የተናደድኩት በሱ ነበር፤ ይህን ዛሬም ሳስበው ያመኛል። «ሰዓቱን ነዋ!» አልኩት ጮክ ብዬ።

ከዚያ ነገሩን አስረዳኝ። የተመደበው ከካራ ወደ ላይ ሲወጣ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት ቤት ነው። የኋላው ግድግዳ ፈርሶ ነበር። ጭቃ ደግሞ ከጭድ ጋር ተቦክቶ ቀናት መክረም አለበት፤ ካልሆነ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ጭቃው ያልደረሰ ቀን ሄዶ ሥራ ያጣል።

«እና እንደዚያ ቀን ምን ታደርግ ነበር?»

«እማማ ቡና ያፈላሉ። እሱን እንጠጣለን።»

«ለምን አልጻፍከውም?»

«ቡና መጠጣት ሥራ ነው እንዴ፣ መምህር?»

አይደለም አልኩት። በዚህ አፌ። ከዚያም በሱ ስም ትይዩ «ኢንኮምፕሊት» ጻፍኩ። ከ52 ተማሪ እሱ ብቻ።

በዚያው ሳምንት ክፍል ውስጥ ያስተማርኩት ስለ ዘኬዎስ ነበር። የቀረጥ ሰብሳቢዎች አለቃ የነበረው ሰው፣ የበደለውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው። ጥሩ አድርጌ ነው ያስተማርኩት። ልጁ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ማስታወሻ ይይዝ ነበር።

በሴሚስተሩ እረፍት ጓደኞቹ አገር ቤት ሲሄዱ እሱ ቀረ። 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃውን ሊሞላ። ላኪዋ ቤተ ክርስቲያን ያልተሟላ ውጤት አይታ የሁለተኛውን ሴሚስተር ክፍያ አዘገየችበት። ይህን የሰማሁት ከሬጅስትራር ነው። እሱ አንድ ቀን አልነገረኝም።

የመጨረሻውን ቀን ራሴ ሄጄ ልፈርምለት ወሰንኩ። ዳገቱን ወጣሁ። ግድግዳው አልቋል፤ ልስኑ ልጥፍ ብሎ ይታያል። እማማ ረከቦታቸውን አቅርበዋል። 6 ሲኒ ተደርድሯል። እኛ ግን 3 ነን። ዓይኔ ሲኒዎቹ ላይ እንደቀረ አይተው ነው መሰለኝ፣ «የጎረቤቶቼ ነው» አሉኝ። በመልሶ ማልማት ተነሥተው የተበተኑ ጎረቤቶቻቸው። ሲኒውን ግን እንደ ድሮው ይደረድሩታል።

«አስተማሪው እርስዎ ነዎት?» አሉኝ አቦሉን እየቀዱ።

«አዎ፣ እማማ።»

«ግድግዳው ደርሶልኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። እሱ ሲጨርስ ሌላ ልጅ ይልኩልኛል? ጭቃ የማይችልም ቢሆን ግድ የለም።»

ምን እንደመለስኩላቸው አላስታውስም። ልጁ አጠገቤ ሰዓቱን አይቶ ፎርሙ ላይ የወጣበትን ጻፈ፤ አቦሉ ከመቀዳቱ በፊት ያለውን ደቂቃ። ቡናውን ያን ቀንም አልቆጠረውም።

ጉዳዩን ለኮሚቴው አቀረብኩ። ብዙ ተወያየን። በመጨረሻ የተወሰነው ፎርሙ ላይ ሁለተኛ ፊርማ እንዲጨመር ነው። ልቤ አዘነ፤ ግን 40ውን ራሴ ነኝና ያመጣሁት ድምፄን ከፍ ማድረግ አልቻልኩም። በራሴ ክፍል ግን ሰዓት መቁጠር ትቻለሁ። እያንዳንዱ ተማሪ ሴሚስተሩን ሙሉ አንድ ቤት ይዞ ይመላለሳል። መጨረሻ ላይ ስለዚያ ቤት ሰው በቃል ይነግረኛል። የሄደና ያልሄደ በአምስት ደቂቃ ይለያል። የሄደው የሰውዬውን ስም፣ የሚያመውን፣ የውሻውን ነገር ሁሉ ይነግርሃል። እማማ ጋ በየሴሚስተሩ አንድ ተማሪ አለ።

ልጁን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ለላኪዋ ቤተ ክርስቲያንም በገዛ እጄ ደብዳቤ ጽፌ፣ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ገልጬ ልኬያለሁ። አምና ተመረቀ።

ጥር 11 ቀን የሠሩትን 9ኙን ግን እስካሁን አልጠራኋቸውም። አንዱ ዛሬ ለገጣፎ በኩል የወጣቶች አገልጋይ ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ እንገናኛለን። «ሰላም ነው፣ መምህር?» ይለኛል እጁን ዘርግቶ። እኔም እጨብጠዋለሁ።