ውሃ ልገዛ ወጥቼ ዶንኪ ውስጥ ያደርኩበት ሌሊት

ቶኪዮ በገባሁ በሁለተኛው ቀን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከአዲስ አበባ በ6 ሰዓት ይቀድሙናል። እነሱ እኩለ ሌሊት ሲሆንባቸው የኔ ሰውነት ገና ከስራ መውጣቱ ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ተስፋ ቆርጬ ተነሳሁ። ያረፍኩት ሺቡያ ነበር፤ እዚያው ቅርብ 24 ሰዓት የማይዘጋ ሱቅ አለ። ዶን ኪሆቴ ይባላል፤ የአገሩ ሰው አሳጥሮ ዶንኪ ይለዋል። ውሃና ብስኩት ብቻ ገዝቼ ልመለስ ወጣሁ። የተመለስኩት ሊነጋ ሲል፣ ሁለት ቢጫ ፌስታል አንጠልጥዬ ነው።

ስገባ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ምናለሽ ተራ ነው። ወለሉ ያብረቀርቃል እንጂ አደራደሩ ያው ነው። እቃው ከመሬት እስከ ጣሪያ ተጠቅጥቋል። የሽንት ቤት ወረቀት፣ ካልሲ፣ የድመት ምግብ፣ ሽቶ፣ ሻንጣ። ዞር ስል ደግሞ በመስታወት የተቆለፈ ውድ የእጅ ሰዓት። መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ ሰው ሲመጣ ጎን ዞሮ ማሳለፍ ግድ ነው። በየእቃው ላይ በእጅ የተጻፈ በቀለም ያሸበረቀ ካርድ ተሰክቷል። ማንበብ ባልችልም እየጮኸ የሚጠራኝ ነው የሚመስለው። እዚህ "ያንሱት! ያንሱት!" የሚለው ልጅ ስራ፣ እዚያ ለወረቀት ተሰጥቷል።

ዝርክርክነት መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳነብ ለካ ታስቦበት ነው። መስራቹ ታካኦ ያሱዳ እ.ኤ.አ. በ1978 ቶኪዮ ውስጥ "የሌቦች ገበያ" የሚል ትንሽ ሱቅ ከፈተ። ስሙን እዩልኝ! መጋዘን ስላልነበረው እቃውን ሁሉ እዚያው ሱቁ ውስጥ ጠቀጠቀው። የተደበቀው ምን እንደሆነ ደንበኛ እንዲያውቅ ደግሞ በእጁ እየጻፈ ለጠፈበት። ማታ ማታ እቃ ሲደረድር መንገደኛ ብርሃን አይቶ ይገባ ጀመር። በሌሊትም ገበያ እንዳለ ያወቀው ያኔ ነው። የመጀመሪያውን ዶን ኪሆቴ በ1989 ሲከፍት ሶስቱንም ይዞ መጣ፦ ጥቅጥቁን፣ ካርዱን፣ ሌሊቱን። እንቅልፍ ያጣሁት እኔ እንግዲህ ልክ የሚፈልገው ሰው ነበርኩ።

ከሁሉ ያቆመኝ ጥፍር መቁረጫ ነው። አትሳቁ። አንድ ግድግዳ ሙሉ ጥፍር መቁረጫ አለ። ያነሳሁት ጎንና ጎኑ በፕላስቲክ የተሸፈነ ነው፤ የተቆረጠው ጥፍር ወደ ውስጥ ይቀራል፣ አይፈናጠርም። እናቴ ጥፍር ቤት ውስጥ ሲፈናጠር አትወድም። ሁሌም በረንዳ ላይ፣ ጋዜጣ አንጥፈን ነው የምንቆርጠው። ሶስት ገዛሁ።

ከዚያ መንገድ ጠፋኝ። መውጫ ስፈልግ 18 የሚል ቁጥር ያለበት መጋረጃ ገለጥኩ። ሌላ የእቃ መደርደሪያ መስሎኝ ነው። አልነበረም። ቶሎ ብዬ መለስኩት። ቁጥሩ የእድሜ ነው፤ ከልጅ ጋር የምትሄዱ ልብ በሉ።

ሂሳብ ላይ ሁለት ነገር ተማርኩ። አንደኛ፣ በትልቁ የተጻፈው ዋጋ ከታክስ በፊት ያለው ነው። እውነተኛው ከስሩ በትንሹ ተጽፏል። ለምግብ 8፣ ለሌላው 10 በመቶ ይጨመራል። እኔ በትልቁ እየደመርኩ ነበር። ሁለተኛ፣ ገንዘብ በእጅ አይቀበሉም። ባገራችን ወግ ቀኝ እጄን በግራዬ ደግፌ ብሩን ብዘረጋ ልጅቷ ጎንበስ ብላ ትንሽ ትሪ አስጠጋችልኝ። እዚያ ላይ ነው የሚቀመጠው። ፌስታሉም ለብቻው ይከፈልበታል።

በማግስቱ ካትሱሺካ በሚባለው የቶኪዮ ክፍል ለሚኖር ያገሬ ሰው ስልክ ደወልኩ። ጃፓን ብዙ ዓመት የኖሩ፣ በእድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው።

"ጋሼ፣ ትናንት ዶንኪ ገብቼ ከ11,000 የን በላይ አወጣሁ" አልኳቸው።

"ፓስፖርትህን ይዘህ ነበር?"

"ሆቴል ነው የተውኩት። ፎቶው ግን ስልኬ ላይ አለ።"

"አንተ ልጅ! ፎቶ ምን ያደርግልሃል? አንድ ሺህ የንህን ነዋ የጣልከው። የአንድ ሳህን ራመን ዋጋ!"

ነገሩ እንዲህ ነው። ለአጭር ጊዜ የሚመጣ ጎብኚ በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ ከታክስ በፊት 5,000 የንና ከዚያ በላይ ከገዛ ታክሱ ይቀርለታል። ዋናው ፓስፖርት ግን እጁ ላይ መኖር አለበት። ከኖቬምበር 2026 ጀምሮ አሰራሩ ይቀየራል፤ ታክሱ ሱቅ ላይ ይከፈልና ከአገር ሲወጣ ይመለሳል። ያም ሆነ ይህ ፓስፖርት አትተዉ።

ሁለተኛ ስሄድ ቀን ሄድኩ፣ ምሳ በልቼ፣ ጠግቤ። ዝርዝር ጽፌ ነበር። ካርዶቹን በስልኬ ካሜራ እያስተረጎምኩ ነው የገዛሁት። ሻንጣዬ 23 ኪሎ ስለማያልፍ የሾርባና የሶስ ጠርሙስ ሁሉ መልሼ አስቀመጥኩ። በቀላሉ የሚያዘው የማቻ (የአረንጓዴ ሻይ ዱቄት) ኪትካት ቸኮሌት ነው፤ ለመስሪያ ቤት ሰው ማካፈልም ይመቻል። ራሴን አደነቅኩ።

ያደነቅኩት ቸኩዬ ነው። ለእህቴ ከሌላ ሱቅ በቅናሽ የገዛሁትን የፀጉር ፔስትራ ረስቼው ነበር። የጃፓን መብራት 100 ቮልት ነው፣ የኛ 220። እህቴ ሶኬት ላይ ሰካችው። መጀመሪያ "ውይ፣ እንዴት ቶሎ ይግላል!" አለች። ቀጥሎ ሸተተን። ቀጥሎ ጭስ። ደግነቱ ፀጉሯ ውስጥ አልገባም። ስሩን ገልብጬ ሳየው 100 ብቻ ይላል። ከ100 እስከ 240 የሚል ቢሆን ኖሮ ሶኬቱን መቀየሪያ ብቻ በቂ ነበር።

"የርካሽ እቃ!" አለች። ጥፋቱ የርካሽነቱ አልነበረም፣ የኔ ነው። እስካሁን ግን አልነገርኳትም።

ጥፍር መቁረጫው አልደነዘዘም። እናቴ አሁን ሳሎን፣ ሶፋ ላይ ሆና ነው የምትቆርጠው። ሁለቱን ለጎረቤት ሰጥታ አንዱን በመሳቢያ ቆልፋበታለች።