«አይበቃም»

ቡሬ አካባቢ ሒሳብ ሳስተምር ነው። ለ11ኛ ክፍል ሚድ ፈተና አንድ የፕሮባቢሊቲ ጥያቄ አወጣሁ፤ እንዳይርቃቸው ብዬ ከአገሩ እርሻ ቀዳሁት። በአንድ ቀበሌ ካሉት አባወራዎች 60 በመቶው በቆሎ ይዘራሉ፣ 50 በመቶው በርበሬ ይተክላሉ። አንድ አባወራ በዕጣ ቢወጣ፣ ከሁለቱ ቢያንስ አንዱን የሚያመርት የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? የኔ መልስ 0.8 ነበር፤ 0.6ን እና 0.5ን ደምሬ፣ ሁለቱን አባዝቼ ያገኘሁትን 0.3 ቀንሼ።

አንዲት ተማሪ፣ ፈተናው በእንግሊዝኛ ሆኖ ሳለ፣ በአማርኛ «አይበቃም» ብላ ጽፋ ወጣች። ኤክስ አደረግሁባት። እውነቱን ለመናገር፣ ሰንፋ የተወችው ነበር የመሰለኝ።

ወረቀት ስመልስ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች።

«ቲቸር፣ ሁለቱንም የሚያመርቱት ስንት እንደሆኑ የት ተሰጠ?»

«አባዝተሽ ታገኚዋለሽ።»

«የሚባዛው አንዱ ከሌላው ጋር ካልተያያዘ አይደል? እኛ ቀበሌ በርበሬ ተክሎ በቆሎ የማይዘራ ሰው አላውቅም። ምን ሊበላ? በርበሬው ለገበያ ነው።»

ልጅቱ በየሳምንቱ ስንቋን ተሸክማ ከገጠር የምትመላለስ ናት፤ እኔ በርበሬን የማውቀው ወጥ ውስጥ ነው።

ቁጭ ብዬ ሠራሁት። እንደ እሷ ቀበሌ ከሆነ የጋራው (ሁለቱንም የሚያመርተው) 0.5 ነው፣ መልሱም 0.6። ከሁለቱ አንዱንም የማያመርት አባወራ ከሌለ ደግሞ የጋራው ወደ 0.1 ይወርድና መልሱ 1 ይሆናል። በመካከል ያለው ቁጥር ሁሉ ያስኬዳል። የኔ 0.8 የቆመው «ኢንዲፔንደንት» (አንዱ ከሌላው ጋር ያልተያያዘ) በሚል አንድ ቃል ላይ ነበር፤ ቃሉ ደግሞ ጭንቅላቴ ውስጥ እንጂ ወረቀቱ ላይ የለም።

ወረቀቱን መልሼ ሰብስቤ ለሁሉም ማርኩን ሰጠሁ። 0.8 ያሉትም ያስተማርኳቸውን ነው የመለሱልኝ።

በሚቀጥለው ፈተና ያንኑ ጥያቄ «15 በመቶው ከሁለቱ አንዱንም አያመርቱም» የሚል ጨምሬ አመጣሁት። አሁን ከ1 ላይ 0.15 መቀነስ ብቻ ነው። ግማሹ ክፍል ግን «የአባወራው ብዛት አልተሰጠም፣ አይበቃም» ብሎ አረፈው! ቃሏ ክፍሉን አዳርሶ ኖሯል።

የእሷን ወረቀት ፈልጌ አወጣሁ። 0.85 ብላለች። ከሥሩ በእርሳስ፣ «60ውና 50ው ታዲያ ለምን ተሰጡ?»