ምጣዱ ተሰክቶ ነበር

መብራት ከምሽት ጀምሮ ጠፍቶ የመጣው እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው። ደሴ ውስጥ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ካሉት ሰፈሮች በአንዱ፣ ከዋናው ቤት ጋር ተያይዞ በተሠራ ማድ ቤት አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሶኬቱ ሳይነቀል ቀርቶ ነበር። የቤቱ እመቤት እንጀራ መጋገር እንደጀመሩ መብራቱ ሲጠፋባቸው ሊጡን ከድነው ተኙ። ምጣዱ ባዶውን ጋለ፤ አጠገቡ የነበረው ሰፌድና የማሰሻው ጨርቅ ተያያዘ፤ እሳቱ ወደ ጣሪያው እንጨት ወጣ። ጎረቤት በኡኡታ ተጠራርቶ በጀሪካን ውሃ እስኪያጠፋው ድረስ ማድ ቤቱን ጨርሶ የጓዳውንና የአንድ መኝታ ክፍል ጣሪያ በልቷል። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም።

እኔ በከተማዋ በሚገኝ አንድ የመድን ድርጅት ቅርንጫፍ የካሣ ሠራተኛ ነኝ። ታሪኩ መጀመሪያ ጆሮዬ የደረሰው ግን ከላይ እንደጻፍኩት ሆኖ አይደለም። በማግስቱ ጠዋት የሴትየዋ ልጅ ቢሮ መጥቶ፣ «በኤሌክትሪክ ኮንታክት ነው የተነሣው፤ ሁላችንም ተኝተን ነበር፤ ማድ ቤት ውስጥ የተሰካ ምንም ነገር አልነበረም» አለኝ። የጉዳት ማሳወቂያ ቅጹን ሰጠሁትና መድን ገቢዋ እናቱ ስለሆኑ ፊርማው የእሳቸው መሆን እንዳለበት ነግሬ፣ ከሰዓት በኋላ ቦታውን ለማየት ተቀጣጠርን።

በማግስቱ መምጣቱ በራሱ ግማሽ መንገድ ነው። የመድን ውል ዛሬም የሚገዛው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ ነው፤ በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ቢወጣም የመድኑን ክፍል አልነካውም። በዚያ ሕግ መሠረት መድን የገባ ሰው አደጋውን እንዳወቀ፣ ቢዘገይ በ5 ቀናት ውስጥ ለመድን ሰጪው ማሳወቅ አለበት፤ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ካልያዘው በቀር። ብዙ ሰው ግን «መጀመሪያ ቤቱን ላስተካክል፣ ከዚያ እሄዳለሁ» ይላል። በስልክም ቢሆን መጀመሪያ መናገር ይሻላል።

ቦታው ስደርስ ግቢው ታጥቦ አገኘሁት። የወሎን ጎረቤት የሚያውቅ ሰው ይህ አያስገርመውም። ሌሊት እሳት ያጠፉት ሰዎች ሳይተኙ አመዱን ጠርገዋል፤ የተቃጠለውን እንጨት ተሸክመው ገደል ጥለዋል። አንድ ሐጂ ከግቢያቸው ቆርቆሮ አምጥተው ክፍት የቀረውን ጣሪያ በከፊል አልብሰውታል። ክረምት ነው፤ ዝናቡ አይጠብቅም። ሐጂ ሴትየዋን፣ «አብሽሪ እቴ፣ ነፍስ ከተረፈ ሁሉም ይተካል» እያሉ ያጽናኑ ነበር።

ይህን የጎረቤት ርብርብ አቁሙት የሚል ሰው ካለ ከእኔ ጋር አይስማማም። ጉዳቱ እንዳይስፋፋ የሚቻለውን ማድረግ የመድን ገቢው ግዴታ ነው፤ ጣሪያውን መሸፈን፣ ዕቃ ማውጣት፣ የኤሌክትሪክ ቆጣሪውን ማጥፋት ተገቢ ሥራ ነው። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከመጥረግ በፊት ፎቶ ይነሣ፣ የተቃጠለው ዕቃም ከግቢው ጥግ ይከመር እንጂ አይጣል። ገማቹ የሚያየው ሲያጣ የሚከፍለውንም ያጣል። በዚያ ቀን ያዳነን አንድ የሰፈር ልጅ ነበር፤ እሳቱ ሲነድም፣ ሊነጋጋ ሲልም በስልኩ ፎቶ አንሥቷል። የተቀረውን ሐጂ ራሳቸው ወጣቶች ልከው ከገደሉ አስመለሱልን። ከተመለሰው መሀል ከነገመዱ የተጣመመው ምጣድ ይገኝበታል። መሰኪያው ከሶኬቱ ጋር ቀልጦ ተጣብቋል።

ልጁ አየው፤ እኔም አየሁት። ሁለታችንም ዝም አልን።

እትዬ ቡና አፍልተው ነበር። የተቃጠለ ቤት ውስጥ ለእንግዳ ቡና ማፍላት እዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ልጃቸው ሲወጣ ጠብቀው፣ «ልጄ፣ እኔ ነኝ ቤቴን ያቃጠልኩት። ምጣዱን ሳልነቅል ተኛሁ። ይህን ከተናገርኩ ግን ሰባራ ሳንቲም አይሰጡሽም ብለውኛል። ያልሆነውን ፈርሜ ደግሞ እንዴት አድርጌ ልስገድ?» አሉኝ። ቅጹ ጉልበታቸው ላይ ነበር፤ ልጃቸው ሞልቶታል፤ እሳቸው ገና አልፈረሙበትም።

በሥራዬ ከማየው ሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ፍርሃት ነው። ሰው ተሳስቶ፣ ረስቶ፣ ደክሞት ያደረሰው አደጋ አይካስም የሚል ወሬ ከቤት ቤት ይዞራል። ሕጉ የሚለው ተቃራኒውን ነው። መድን ሰጪው በመድን ገቢው ጥፋት የደረሰውንም አደጋ ይሸፍናል፤ የማይሸፍነው ሆነ ተብሎ፣ በፈቃድ የደረሰውን ነው። ምጣድ ረስቶ መተኛት መርሳት ነው። ማንም የማይረሳበት አገር ቢኖር የእሳት መድን የሚገዛ ሰው ባልተገኘ ነበር። በሌላ በኩል አውቆ ሐሰት መናገር የሚካሰውንም ጉዳይ ይዞ ሊወድቅ ይችላል። ሊሰወር የታሰበው ነገር እሳቸውን ምንም አይጎዳቸውም ነበር፤ የሚጎዳቸው መሰወሩ ነበር።

«እትዬ፣ እንዳዩት ይንገሩኝ፤ እኔ አዲስ ቅጽ እሰጥዎታለሁ» አልኳቸው። ነገሩኝ። መብራቱ በስንት ሰዓት እንደጠፋ፣ ምጣዱ የት እንደነበረ፣ በጭስ ሽታ መንቃታቸውን፣ ማን ቀድሞ እንደደረሰ። ልጃቸው በቀላል አማርኛ ጻፈው፤ አነበበላቸው፤ ፈረሙ። ልጁ አፍሮ ነበር፤ እኔ ግን አልፈረድኩበትም። እናቱ ቤት አልባ እንዳይሆኑ የሮጠ ሰው ነው። «ኮንታክት» የሚለውን ቃል እንዲጽፍ የመከሩት ሰዎችም ክፉ አስበው አልነበረም። ነገር ግን መንስኤውን መወሰን የባለሙያ ሥራ ነው፤ ቅጹ የሚፈልገው ያየነውን ብቻ ነው።

ከቅጹ ጋር የተያያዘው የንብረት ዝርዝርም እንዲሁ መጽዳት ነበረበት። አንድ ዘመድ ሳሎን ውስጥ በደህና የተቀመጠውን ቴሌቪዥን ጨምሮበት ነበር። እትዬ ራሳቸው ሰረዙት።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የወረቀት ነው። ከፖሊስና ከከተማው የእሳት አደጋ አገልግሎት ማስረጃ፣ የጥገናው የዋጋ ግምት፣ የዕቃዎቹ ፕሮፎርማ፣ የቤቱ ባለቤትነት ሰነድ ይሰበሰባል። ፖሊሲውን፣ ማለትም የመድን ውሉን ሰነድ፣ ስጠይቃቸው ግን እትዬ ዐይተውትም አያውቁም። ቤቱ በብድር ዋስትና ተይዟል፤ መድኑ የተገባው ባንኩ ስለጠየቀ ነው፤ ፖሊሲውም ከዚያው ከባንኩ ዶሴ ውስጥ ነው። በየዓመቱ አረቦን፣ ማለትም የመድኑን ዋጋ፣ ይከፍላሉ፤ ምን እንደገዙ አያውቁም። ይህ የእሳቸው ብቻ ችግር አይደለም፤ ለቤታቸው ብድር ያለባቸው ብዙ ሰዎች ያሉበት ሁኔታ ነው። ቅጂውን መጠየቅ መብት ነው፤ ባንኩም መድን ሰጪውም ይሰጣሉ።

ፖሊሲው ሲከፈት ከእሳቱ የከፋው ነገር ወጣ። ቤቱ መድን የተገባለት ብድሩ በተወሰደበት ዘመን በነበረው ግምት ነው። ከዚያ ወዲህ የሲሚንቶው፣ የብረቱና የቆርቆሮው ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። ዋጋው 3,000,000 ብር የሆነ ቤት በ1,800,000 ብር ብቻ መድን ቢገባለት፣ የተሸፈነው 60 በመቶው ነው። የደረሰው ጉዳት 250,000 ብር ቢሆን የሚከፈለው 150,000 ብር ነው፤ ከዚያም ላይ በፖሊሲው የተጻፈው ተቀናሽ፣ ማለትም ባለቤቱ ራሱ የሚችለው የጉዳቱ ድርሻ፣ ይነሣል። የቀረውን ባለቤቱ ይሸከማል። ሰዎች ይህን ሲሰሙ ተታለልን ይላሉ፤ ቁጣቸው ይገባኛል። «ጉዳቱ ከመድኑ መጠን በታች ነው፤ ለምን ሙሉውን አትከፍሉም?» የሚለው ጥያቄ ሁሌም ይመጣል። መልሱ አረቦኑ የተከፈለው ለ60 በመቶው ብቻ መሆኑ ነው። የእትዬ ቤት ስሌትም ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም። ይህን ስነግራቸው አንገታቸውን ደፉ። በዚያ ቀን የከበደኝ ይህ እንጂ የምጣዱ ነገር አይደለም። በእኔ እምነት ፖሊሲው በሚታደስበት ጊዜ የቤቱን የአሁን ዋጋ መጠየቅና ልዩነቱን በቁጥር ማሳየት የመድን ሠራተኛ ሁሉ ግዴታ ሊሆን ይገባል።

ሌሎቹ ጉዳዮች በአብዛኛው የሚሰናከሉት በሽፋኑ ዓይነት ነው። ተራው የእሳት መድን እሳትንና መብረቅን ይይዛል፤ ጎርፍ፣ ማዕበል፣ የውሃ ቧንቧ መፈንዳትና የመሬት መንቀጥቀጥ በተጨማሪ አረቦን የሚገዙ ናቸው። ኮምቦልቻ ቦርከና ወንዝ ሲሞላ ቤቱ የተጥለቀለቀበት ሰው የእሳት መድን ብቻ ይዞ ሲመጣ ማየት ያሳምማል። የመሬት መንቀጥቀጡንም ለሩቅ አገር የሚተው አለ፤ በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያወደመው የካራቆሬው መንቀጥቀጥ ግን ከኮምቦልቻ በስተደቡብ፣ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ የደረሰ ነው። የስርቆት ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ በር ወይም መስኮት የተሰበረበት ምልክት ይጠይቃል፤ ስለዚህ ፖሊስ ሳያየው ቁልፉ አይቀየር። ጦርነት ደግሞ ከተለመደው ፖሊሲ ውጭ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ቤት ንብረታቸው የተዘረፈ ሰዎች ይህን የተረዱት በጣም በመረረ መንገድ ነው።

ጥያቄው ውድቅ የተደረገበት ሰው ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ የትኛው የፖሊሲው አንቀጽ እንደሆነም ይነገረው። በክስ የሚጠየቅበት ጊዜ 2 ዓመት ነው፤ በምልልስ ብቻ ሊያልቅ ይችላል።

የእትዬ ካሣ ተከፈለ። ባንኩ የመጀመሪያ መብት ስላለው ገንዘቡ ለጥገናው እንዲውል የፈቃድ ደብዳቤ መጻፍ ነበረበት፤ ጻፈ። የጎደለውን ዕድራቸውና ልጃቸው ሸፈኑት። ፖሊሲው በሚታደስበት ጊዜ እትዬ በመሐንዲስ የተሠራ አዲስ ግምት ይዘው ራሳቸው መጡ። የመድኑ መጠን ከፍ አለ፤ የጎርፍ ሽፋንም ተጨመረ። ከዚያ ከቤታቸው በላይ ስላለው ተዳፋት ጠየቁኝ፤ ከጦሳ ናዳ ቢመጣ የትኛው ሽፋን ይይዘዋል? የጎርፉ ሽፋን ናዳን እንደማይጨምር፣ በስሙ ተጠርቶ በጽሑፍ ካልገባ እንደማይቆጠር ነገርኳቸው። «እንግዲያው ይጻፍልኝ» አሉ፤ ጥያቄያቸውን ለዋናው መሥሪያ ቤት ላክን።