«አይዞህ» የማይባልበት ሜዳ

አንድ እግሬን አፍጋኒስታን ትቼ የተመለስኩ ሰሞን ሜሪላንድ ያለው ቤታችን የለቅሶ ቤት መስሎ ነበር። በዲቪ አሜሪካ ገብቼ፣ ወታደር ሆኜ፣ ዜግነት ካገኘሁ በኋላ ያመጣኋት እናቴ ቡና ታፈላለች፤ የሲልቨር ስፕሪንግ ሐበሻ ተራ በተራ እየገባ «አይዞህ» ብሎኝ ይወጣል። ደጎች ናቸው። ነገር ግን በቀን ሃያ ጊዜ አይዞህ የሚባል ሰው ውሎ አድሮ ምንም የማይጠበቅበት ሰው ይሆናል። ውኃ እንኳ ራሴ ተነሥቼ እንድቀዳ አይፈቀድልኝም ነበር።

ወደ ዊልቸር ቅርጫት ኳስ የመራችኝ ፊዚዮቴራፒስቴ ናት። እኔም የሄድኩት ኳስ አምሮኝ ሳይሆን ከቤት መውጫ ሰበብ ፈልጌ ነው። የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ዓመታዊ የዊልቸር ውድድር እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ እንደነበረ እንኳ አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ጉድ ነበር። የጨዋታው ወንበር የሆስፒታሉን አይመስልም፤ ጎማዎቹ ከታች ተንፈርክከው ይቆማሉ፣ በጣት ሲነኩት ይሽከረከራል። ወገቤን በማሰሪያ ጠፍረው ለቀቁኝ። ኳሱን ጭኔ ላይ አድርጌ ጎማዎቹን ሦስት ጊዜ ገፋሁ፤ ፊሽካ ተነፋ። ሁለት ጊዜ ከገፉ በኋላ ኳሱን ማንጠር ግድ ነው። ቅርጫቱም ለእኛ ብሎ ዝቅ አላለም፤ ያው 3.05 ሜትር ነው። ወዲያው ተጋጨሁና ከነወንበሬ ወደ ኋላ ተገለበጥኩ። ጣሪያውን እያየሁ የለመድኳትን ቃል ጠበቅኩ። አንድ ተጫዋች በአጠገቤ ሲያልፍ «ስትወድቅ አገጭህን ደረትህ ላይ አጣብቅ፤ ጭንቅላትህን ትመታለህ» አለኝና ኳሱን ይዞ ሄደ።

ያ ሰው ከደረቱ በታች አይታዘዝለትም። በዚህ ጨዋታ እያንዳንዱ ተጫዋች እንደ አካሉ አቅም ከ1 እስከ 4.5 ነጥብ ይመደብለታል፤ በዓለም አቀፉ ሕግ ሜዳ ላይ ያሉት አምስቱ ተደምረው ከ14 መብለጥ የለባቸውም። እንግዲህ እሱን የመሰለ ባለ አንድ ነጥብ ከሌለ እኔን የመሰሉት ተሟልተው አይሰለፉም። ደግሞም ለቁጥር ማሟያ አይደለም። ጎማውን ተከላካዩ ጎማ ፊት ሰክቶ መንገድ ይዘጋል፤ እኔ በከፈተልኝ ቀዳዳ እገባለሁ። ካስቆጠርኳቸው ውስጥ ግማሾቹ የእሱ መሆናቸው የገባኝ ከወራት በኋላ ነው።

በችኮላዬ ተቀጥቻለሁ። በሁለተኛው ወር የተቆረጠው እግሬ ጫፍ ላይ የወጣችውን ቀይ ምልክት ንቄ ተጫወትኩ፤ ቆሰለና ስድስት ሳምንት ሰው ሠራሽ እግሬን ማጥለቅ አቃተኝ። አሁን ማታ ማታ በመስታወት አየዋለሁ። ትከሻም እንዲሁ ነው፤ ወደፊት ብቻ እየገፉ ወደ ኋላ የሚጎትት እንቅስቃሴ ካልሠሩ ይከዳል። ቅዠቴ ጠፋ ብዬ አልዋሽም። የልምምድ ዕለት ግን ደክሞኝ እተኛለሁ።

እናቴን ከጨዋታው ጋር ያስታረቃት አበበ ቢቂላ ነው። «ሻምበል አበበም ተቀምጦ ቀስት ወርውሯል» አለችኝ አንድ ቀን፣ ራሷን ለማሳመን ይመስላል። እውነቷን ነው። የክብር ዘበኛው ጀግና እ.ኤ.አ. በ1969 በመኪና አደጋ አከርካሪው ተጎድቶ እንግሊዝ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ታከመ፤ በ1970 በስቶክ ማንዴቪል ውድድር በቀስት ተሳተፈ። ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን በ1948፣ ልክ የለንደን ኦሎምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ 16 የተጎዱ ወታደሮችን በቀስት ያወዳደረውም እዚያው ሆስፒታል ነበር። ፓራሊምፒክ፣ የአካል ጉዳተኞቹ ኦሎምፒክ፣ የበቀለው ከዚያ ነው።

ባለፈው መጋቢት እናቴ ነጠላዋን ለብሳ ጨዋታ ልታይ መጣች። ስወድቅ አፏን በነጠላዋ ይዛ ከመቀመጫዋ ብድግ ስትል አየኋት። ተነሥቼ ቀጠልኩ፤ በሁለት ነጥብ ተሸነፍን። መኪና ውስጥ ገብተን ብዙ ዝም ካለች በኋላ፣ «የመጨረሻዋን ሦስት ጊዜ ገፍተህ ነው ያገባኸው፤ ዳኛው አላየህም እንጂ» አለችኝ።